ለአነስተኛ አከራይ ሕጉ ይላላ ወይስ ለሁሉም እኩል ይሁን?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ ሲወጣ፣ አንድ ወይም ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራይ ሰው ከገደቡ ነፃ ይሁን ወይስ መቶ ቤት ካለው ድርጅት ጋር በአንድ ዓይን ይታይ? አከራይም ተከራይም ግቡበት። ስድብ የለም። (ደላሎች፣ ማስታወቂያ ከለጠፋችሁ አጠፋዋለሁ።)

ባለ አንድ ቤት፦ ነፃ መሆን አለበት፣ አራት ነጥብ። መቶ ቤት ያለው ድርጅት አንዱ ተከራይ ሦስት ወር ሳይከፍል ቢቀር ዘጠና ዘጠኙ ይሸፍኑለታል። እኔ ጋ ያቺ አንዷ ቤት ባዶ ከሆነች ገቢዬ ዜሮ ነው፤ የባንኩ ዕዳ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። የውሃ ማሞቂያው ተቃጠለ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ሁሉም የሚጠገነው ከዚያችው ኪራይ ነው። የዕቃ ዋጋ በ10 በመቶ እየናረ ጭማሪዬ በ3 በመቶ ቢታሰር ልዩነቱ ከኪሴ ይወጣል። ይህን የተረዱ ሕግ አውጪዎች አሉ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመታዊውን ጭማሪ በዋጋ ንረቱ ላይ 5 በመቶ ተደምሮ፣ ቢበዛ ግን ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ስትገድብ፣ የግለሰብ የሆነውን ለብቻው የቆመ ቤት ነፃ አድርጋለች፤ ለተከራዩ በጽሑፍ እስከተነገረው ድረስ።

ተከራይ ነኝ፦ ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። የእኔንም ስማ። ያለፈው አከራዬ አንድ ቤት ብቻ ያላቸው ሰው ነበሩ፤ ኪራዩን በአንድ ጊዜ በሲሶ ጨመሩብኝ። ደግ ሰው ናቸው ይሏቸዋል፣ ደግነታቸው ግን ሻንጣዬን አልተሸከመልኝም። ልጄን በዓመቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ሌላ ሰፈር ገባሁ። የእኔ ደመወዝ አከራዬ ስንት ቤት እንዳላቸው አይቶ አይጨምርም። አንተ የምትለው ሕግ ቢወጣ፣ እኔ ቤት ስፈልግ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ክፍሉ ሳይሆን ባለቤቱ ስንት ካርታ እንዳለው ሊሆን ነው?

ሰነድ አገላባጭ፦ ይህ ነገር በአንድ ከተማ በተግባር ታይቷል። የአሜሪካዋ ሳንፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የኪራይ ገደብ ስታወጣ ከአራት ቤት ያልበለጡና ባለቤቱ ራሱ የሚኖርባቸውን ትናንሽ ሕንፃዎች ነፃ አደረገች። ምክንያቱ አሁን ባለ አንድ ቤት የሚለው ነው፤ እነዚህ ሰዎች ባለሀብት አይደሉም ተባለ። በ1994 ሕዝቡ በድምፁ ነፃነቱን አነሳ። ከ1980 በፊት የተሠሩት ትናንሽ ሕንፃዎች ገደቡ ውስጥ ገቡ፣ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ግን ነፃ እንደሆኑ ቀሩ። ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም፤ የስታንፎርዶቹ ርብቃ ዳይመንድ፣ ቲም መክኳድና ፍራንክሊን ቺያን ሁለቱን አነጻጽረው ጥናታቸውን በ2019 አሳተሙ። ገደቡ ውስጥ የገቡት ቤቶች ተከራዮች እዚያው አድራሻቸው የመቆየት ዕድላቸው ከ10 እስከ 20 በመቶ ከፍ ብሏል። አከራዮቹ ደግሞ ለኪራይ የሚያቀርቡትን ቤት በ15 በመቶ ቀንሰዋል፤ አንዳንዱ ሸጠው፣ አንዳንዱ አፍርሶ ሠራው። በዚህ የተነሳ የከተማው ኪራይ በ5.1 በመቶ ናረ።

ባለ አንድ ቤት፦ ይኸው! እኔ ያልኩት ይህን አይደል? ትንሹን ሰው ስታስጨንቁት ቤቱን ይሸጥና ይገላገላል።

ተከራይ ነኝ፦ ግማሹን አንብበህ ግማሹን ዘለልክ። እዚያው የመቆየት ዕድላቸው ጨምሯል ይላል እኮ። እኔ ያጣሁት ይህንኑ ነው።

የሕግ ሰው፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ አንዱ የሚናገረው አሁን ቤቱ ውስጥ ስላለው ተከራይ ነው፣ ሌላው ገና ስላልመጣው ተከራይ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያ 15 በመቶ ከገበያ የወጣው ዋጋው ስለተገደበ ብቻ አይደለም፤ ኪራዩን ገድቦ ቤቱን ወደ ሽያጭ መለወጡን ክፍት የተወ ሕግ ስለነበረም ነው። የበር ቁልፍ ቀይረህ መስኮቱን ክፍት እንደመተው በለው። ሕጉ የሚላላበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። የሚኒሶታዋ ሴንት ፖል በ2021 መራጮቿ ጭማሪውን በ3 በመቶ ሲገድቡት አዲስ የሚሠሩትንም ቤቶች ከገደቡ ነፃ አላደረጉም፤ የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ ወዲያው አሽቆለቆለ። በዓመቱ የከተማው ምክር ቤት አዲስ ሕንፃን ለ20 ዓመት ነፃ አደረገ። ስለዚህ ነፃ መውጣት ካለበት አዲስ የሚሠራው ቤት ይውጣ እላለሁ። የባለቤቱ ትንሽነት ሌላ ጉዳይ ነው።

የሦስት ቤት እመቤት፦ ልግባ። ሳከራይ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ አከራይን የሚያደኸየው ገደቡ ነው ብዬ አላምንም። ባዶ የተቀመጠ ወር ነው የሚያደኸየው። ባለ አንድ ቤት፣ ልጄ፣ አብረን እናስላ። የወር ኪራይህን መቶ በለው፤ ዓመቱን ሙሉ ተከራይ ካለህ 1,200 ነው። ኪራዩን በ10 በመቶ ጨመርክና ተከራይህ ለቀቀ። አዲስ ሰው እስክታገኝ አንድ ወር ባዶ ቢሆን 110 በ11 ወር፣ 1,210። ትርፍህ አሥር ብቻ ናት፤ ቀለሙንና የደላላውን ስትከፍል እሷም የለችም። ሁለት ወር ባዶ ከሆነ 1,100 ይሆናል፤ ጨምረህ ከሰርክ ማለት ነው። በሰዓቱ የሚከፍልና ግድግዳ የማያበላሽ ሰው ከገበያው አምስት ስድስት በመቶ ዝቅ ብሎ ቢኖር እኔ አልነካውም።

ባለ አንድ ቤት፦ እትዬ፣ ስሌቱ ገብቶኛል። እርስዎ ግን በፈቃድዎ ነው የሚተዉት። እኔን ሕጉ ሲያስገድደኝ ያናድደኛል።

የሦስት ቤት እመቤት፦ ይናደዱ እንጂ፣ መብትዎ ነው (አንተ ስልህ ቆይቼ አንቱ ስላልኩህ ቅር አይበልህ፣ ስትቆጣ ነው)። የምልህ ግን ከሕጉ ጋር ከመታገልህ በፊት በእጅህ ያለውን አስተካክል። መያዣውን ከራስህ ገንዘብ ጋር አትቀላቅል፤ የተከራዩ ነው፣ ለብቻው ይቀመጥ። ለጥገና ከቤቱ ዋጋ በዓመት 1 በመቶ ያህል ማስቀመጥ የተለመደ ግምት ነው፤ ቤቱ ካረጀ ከዚያ በላይ። ቁልፍ በምታስረክብበት ቀን ከተከራዩ ጋር አብራችሁ ዙሩ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ በፎቶ ያዙ። ከዕቃ ማጠቢያው ስር ያለውን ቁም ሳጥን ከፍታችሁ በባትሪ እዩ፤ ጣውላው አብጦ ከሆነ ቱቦው ሲያንጠባጥብ ከርሟል፣ ያ ደግሞ የተከራዩ ጥፋት አይደለም። ያያችሁትን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ለየራሳችሁ ያዙ። ፍርድ ቤት ሲደረስ ዳኛው የሚያየው ይህንን ነው፤ የአንተን ትዝታ አይደለም። ጭማሪውንም አምስት ዓመት ዝም ብለህ በስድስተኛው ላይ አታውርደው። “ተከራይ ነኝ” የተጎዳችው በዚያ ዓይነት ይመስለኛል።

ተከራይ ነኝ፦ ልክ ነዎት፣ አራት ዓመት ምንም አልጨመሩም ነበር። ዓመት ዓመት ትንሽ ትንሽ ቢጨምሩብኝ ኖሮ እችለው ነበር።

ሰነድ አገላባጭ፦ እትዬ ያሉት ላይ ተቃራኒውንም ልጨምር። በፈቃዱ የማይጨምር አከራይ፣ ገደብ ሲወጣ “ዘንድሮ ካልጨመርኩ ዕድሉ ያመልጠኛል” ብሎ በየዓመቱ የተፈቀደውን ሙሉ ሊጨምር ይችላል። በቁጥር መለየትም የራሱ ችግር አለው። ስፔን በ2023 የቤቶች ሕጓ ከአሥር በላይ ቤት ያለውን ትልቅ ባለይዞታ ብላዋለች፤ ኪራይ በናረባቸው አካባቢዎች ቁጥሩ ወደ አምስት ዝቅ ሊል ይችላል። ዘጠኝ ቤት ያለውና አንድ ቤት ያለው ታዲያ አንድ ናቸው? አሥራ አንደኛውን በልጁ ስም ያስመዘገበውስ?

የሕግ ሰው፦ በእኛ አገር የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ቢሆን፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያለው ተከራዩን አስቦ ነው። እኔ ሦስት ነገሮችን እለያለሁ። ዋጋው ላይ ለትንሹ አከራይ ማላላት ይቻላል፤ ለምሳሌ ጣሪያ ካስጠገነ ወጪውን በደረሰኝ አሳይቶ ከገደቡ በላይ በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ እንዲያስመልስ። ማስጠንቀቂያ፣ የቤቱ ደኅንነትና አድልዎ ላይ ግን ለማንም ማላላት የለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 በቤት ኪራይ አድልዎን ስትከለክል ባለቤቱ የሚኖርበትን እስከ አራት ቤት ያለው ሕንፃ ከሕጉ ነፃ አድርጋ ነበር፤ “ምስኪኗ መበለት ክፍሏን ታከራይ” በሚል ስሜት። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ1866 የቆየ ሕግ ጠቅሶ በዘር ማግለልን ለማንም አልፈቀደም፤ በሌሎቹ ምክንያቶች ግን በሩ ክፍት ቀረ። ትንሽነት የሚታዘንለት ቢሆንም፣ ተከራይ ለማግለል ሰበብ መሆን የለበትም። ትንሹን አከራይ የምር መርዳት የሚፈልግ መንግሥት የማይከፍል ተከራይ ጉዳይ ፍርድ ቤት ዓመት እንዳይፈጅ ያድርግ።

ባለ አንድ ቤት፦ ፍርድ ቤቱ ላይ እስማማለሁ፣ መቶ በመቶ። እሺ፣ ልደራደር፦ የሁለት ዓመት ውል እፈርማለሁ፣ ጭማሪዬ ከዋጋ ንረቱ አይበልጥም፣ ጥገናው በደረሰኝ ለብቻው ይታይልኝ። ተከራይ ነኝ፣ ትቀበያለሽ?

ተከራይ ነኝ፦ በጽሑፍ ከሆነ አዎ። አንድ ጨምርልኝ፦ ቤቱን ብትሸጠው ውሌ ከነቀሪው ጊዜው ለገዢው ይተላለፍ።

ባለ አንድ ቤት፦ ይህንንማ አልችልም። ተከራይ ያለበትን ቤት ገዢ ዋጋውን ሰብሮ ነው የሚጠይቀው።

የሕግ ሰው፦ በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲያው ነው፤ ሽያጭ የኪራይ ውልን አያፈርስም፣ ገዢው በአከራዩ ቦታ ይተካል። ገበያውም አልቆመም።

ባለ አንድ ቤት፦ ጀርመን የሚሸጠው ቤት የእኔ አይደለም። ዕዳው ሲያንቀኝ መውጫዬ ያ ሽያጭ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ አልፈርምም። እትዬ፣ እርስዎ ይፈርማሉ?

የሦስት ቤት እመቤት፦ በሁለቱ ቤት አዎ። በሦስተኛዋ፣ ዕዳ ባለባት፣ አልፈርምም።