«ከኮፍያው ሥር»፦ የፒኪ ብላይንደርስ ምሽት የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ አመራሩ የምናቀርበው ሐሳብ እስከ እሑድ መግባት አለበት። በከተማችን የዱሮ ዱርዬዎች ላይ የተሠራውን የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ፒኪ ብላይንደርስን፣ እንወያይበት የሚለው ባለፈው ስብሰባ በድምፅ አልፏል። በርሚንግሃም ተቀምጠን እኛ ካላወራንበት ማን ያውራበት? መነሻዬ ይኸው፦

«በርሚንግሃምን ለዓለም ያስተዋወቀውን ድራማ አብረን እናያለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ እንወያያለን።»

አጭር ነው። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

ጋሼ (የቀድሞ ሰብሳቢ)፦
በድምፅ ስለተሸነፍኩ ፕሮግራሙን አልቃወምም። «ያስተዋወቀ» የሚለው ግን አልተዋጠልኝም። በምን አስተዋወቀን? በዱርዬ! የሰው ፊት በምላጭ የሚተለትል ቡድን በሙዚቃ ታጅቦ፣ በጭስ ታጥኖ ቀስ እያለ ሲራመድ ጀግና ይመስላል። እነሱ አንዲት መንገድ እስኪሻገሩ እኔ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። ልጆቻችን የሚቀርላቸው ኮፍያው ነው።

የወጣቶች ክፍል፦
ጋሼ ይቅርታ፣ አረማመዱ እኮ ነው ድራማው! የመጀመሪያውን ክፍል መክፈቻ ያስታውሱ። ጊዜው 1919 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የቡድኑ አለቃ ቶሚ ሼልቢ በጥቁር ፈረስ ይመጣል። ሰፈሩ ጭቃና ጥቀርሻ ነው። ሰዉ ሲያየው ገለል ይላል። አንዲት ቻይናዊት ቀይ ዱቄት በፈረሱ ፊት ላይ እፍ ትላለች። ከዚያ የአውስትራሊያዊው ዘፋኝ የኒክ ኬቭ ዘፈን ይገባል። ዘፈኑ የ1994 ነው! በ1919 ሰፈር ላይ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ቀሽም መሆን ነበረበት፣ ግን ገጠመ። ሰውዬው ገና ሳይናገር ማን እንደሆነ ገባን። ይህ ካልተጻፈ ረቂቁ ባዶ ነው።

እትዬ ኦዲተር፦
ልጄ ጎንና ጎኑን ተላጭቶ አናቱን ብቻ ትቶ ሲመጣ «ቁንጮ ደግሞ ማን አምጣ አለህ?» ብዬዋለሁ። ለካ የቶሚ ቁርጥ ነው። እኔ የማየው ለቶሚ አክስት ለፖሊ ስል ነው። ወንዶቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጦር ሜዳ ሳሉ ንግዱን ያቆመችው እሷ ናት። ሲመለሱ ወንበሩን ተረከቧት። በየቤታችን የምናውቀው ነገር ነው፣ አንድ ጥያቄ ይውጣለት። ፖሊን የተጫወተችው ሄለን ማክሮሪ በ2021 ካረፈች በኋላ ስድስተኛው ምዕራፍ ጨው የጎደለው ወጥ ነው የሆነብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
«አብረን እናያለን» የሚለው ይውጣ። እዚህ አገር በአዳራሽ ሰብስቦ ለማሳየት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፈቃዱም ያስከፍላል። ሁሉም ቤቱ አይቶ ይምጣ፤ አዳራሹ ለወሬና ለቡና ይበቃናል።

ጉዞ ለምትሉ ደግሞ፦ ስሞል ሂዝ ሄደን የድራማውን ሰፈር ብንፈልግ አናገኘውም። ዎተሪ ሌን ተብሎ የምናየው መንገድ የተቀረጸው ሊቨርፑል ነው። የሚሻለው ዳድሊ ያለው ብላክ ካንትሪ ሊቪንግ ሙዚየም ነው። የቶሚ አጎት የቻርሊ ስትሮንግ ግቢ እዚያ ነው፣ ከነቦዩ ከነጀልባው። የቡድን ዋጋ ጠይቄ እመለሳለሁ።

ጋሼ፦
ዳድሊ ይሁን። ታሪኩስ? እውነተኞቹ ፒኪ ብላይንደርስ የ1890ዎቹ የሰፈር ቦዘኔዎች ናቸው። ድራማው በሚጀምርበት ጊዜ ዘመናቸው አልፏል። ኮፍያ ላይ የተሰፋው ምላጭም ተረት ነው ይላል የከተማችን የታሪክ ምሁር ካርል ቺን። የእሱ የገዛ ቅድመ አያት ከቡድኑ ነበር፣ ስለዚህ ለመሸፋፈን ምክንያት አላጣም ነበር፤ ግን አልሸፋፈነም። ጊሌት የሚጣለውን ምላጭ ለገበያ ያወጣው በ1903 ነው። የድሃ ልጅ ኮፍያው ላይ ሊሰፋው ነው? የፈረስ እሽቅድድሙን ዱርዬዎች አለቃ ቢሊ ኪምበርንም ድራማው በመጀመሪያው ምዕራፍ ገደለው። ሰውዬው እስከ 1945 ኖሯል።

የወጣቶች ክፍል፦
የኪምበርን አላውቅም ነበር! ይግባ። ግን ደራሲው ስቲቨን ናይት የያዘው አባቱ የነገሩትን ነው። አባትየው በልጅነታቸው መልእክት ይዘው አጎቶቻቸው ቤት ይላካሉ። በሩ ሲከፈት ጠረጴዛው ሙሉ ሳንቲም ነው። ወንዶቹ ሽክ ብለው ለብሰዋል። ቢራውን የሚጠጡት ግን በጃም ጠርሙስ ነው። ገንዘቡ በልብስ አልቆ ብርጭቆ የለም! ለእኔ ከስድስቱ ምዕራፍ ሁሉ ይቺ ትበልጣለች።

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። የመጀመሪያውን ክፍል እስኪያልቅ ይዩልኝ። በጭሱ አይናደዱ። ዳኒ ዊዝ ባንግ የሚባለው መጠጥ ቤቱ ውስጥ የሚያደርገውን ብቻ ይዩ። ቶሚንም ማታ ማታ ይመልከቱት። በጦርነቱ ከመሬት በታች ዋሻ ሲቆፍር የነበረ ነው፤ አሁንም ከግድግዳው ጀርባ አካፋ ይሰማዋል።

ጋሼ፦
ትናንት ማታ አየሁት። ዳኒ ጦርነቱ ያላለቀ መስሎት ወንበር ጠረጴዛውን ሲያተራምስ፣ እነ ቶሚ መሬት ላይ ይዘው ሲያረጋጉት።

ታላቅ ወንድሜ ከግንባር ተመልሶ አንድ ዓመት ያህል እኛ ጋ ነበር። እናታችን ሳህን ከማስቀመጧ በፊት ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ታነጥፍ ነበር። ኳ እንዳይል። ምንም አትናገርም፣ ጨርቁን ብቻ ታነጥፋለች። ትናንት ትዝ አለኝ።

ስሙን «ከኮፍያው ሥር» በሉት። አረማመዱም ይቆይ፣ ልጁ ልክ ነው። ያን ያህል ባያምሩ ኖሮ ምን እንደደበቁ ማን ይጠይቃል?

ጸሐፊ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። እንግዲህ የተስተካከለው፦

«ከኮፍያው ሥር። አባላት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስድስት ክፍሎች ቤታቸው አይተው ይመጣሉ። በሁለት ምሽት እንወያያለን። በመጀመሪያው ምሽት፦ መክፈቻው፣ ሙዚቃውና አልባሳቱ፤ ከዚያ ዳኒና ከጦርነት የተመለሱት ሰዎች። በሁለተኛው፦ ፖሊና የቤቱ ሴቶች፤ እውነተኞቹ ፒኪ ብላይንደርስ። ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ዳድሊ እንሄዳለን። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ለጉዞው ብቻ ይጋበዛሉ። ምሽቶቹ በ1 ሰዓት ይጀምራሉ።»

ገንዘብ ያዥ፦
1 ሰዓት የአበሻ ነው የፈረንጅ? ባለፈው ግማሹ ሰው ከቀትር በኋላ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ጸሐፊ፦
ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ የአበሻ። «በእንግሊዝ 7 ሰዓት» ብዬ እጨምራለሁ።

የወጣቶች ክፍል፦
ኮፍያ አድርጎ መምጣት ይፈቀዳል?

ጋሼ፦
ምላጩን ቤት ትተህ።

እትዬ ኦዲተር፦
ጀበናውን እኔ አመጣለሁ። ስኒ ስለሚያንስ ባዶ የጃም ጠርሙስ ያላችሁ አጥባችሁ ያዙ። የአዳራሹ ቁልፍ ግን ማን ጋ ነው?