ትንሿ ኑክሌር አራት ኪሎ ትደርሳለች?

ካርድ አታሚው፦
ሰላም ናችሁ? አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለኝ። ሐሙስ ዕለት 400 የሰርግ መጥሪያ ግማሽ ላይ እያለ መብራት ድርግም። ሲመጣ ማሽኑን አስነሳሁት፤ ቀለሙ ሌላ ሆኖ ቁጭ። የሙሽራዋ እናት አንዱን ካርድ አገላብጠው «ልጄ፣ ይሄ ወርቅ ነው ሽሮ?» አሉኝ።

ማታ በብስጭት ስልኬን ስነካካ ስለ ትናንሽ የኑክሌር ማብላያዎች (ሪአክተሮች) አነበብኩ። ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው፣ ተጭነው መጥተው ይገጠማሉ ይላል። መስከረም 2018 ላይም ሞስኮ ውስጥ ከሩሲያው የኑክሌር ኩባንያ ከሮሳቶም ጋር ስለ ኑክሌር ጣቢያ ተፈራርመናል። ነገሩ እንደ ትልቅ ጄኔሬተር ነው? እኔ ሰፈር ይደርሳል? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

የፒያሳ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ቼርኖቤል ላይ የፈነዳውን ማብላያ ረሳኸው እንዴ? የእኛ ሕንፃ ሊፍት እንኳ በሳምንት ሁለቴ ይቆማል።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት ሰብስቴሽን ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። አሁንም ተኝቼ የትራንስፎርመር እምምታ ይሰማኛል።

«ትንሽ» የሚለው ቃል እንዳያታልልህ። በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ አጠራር ትንሽ የሚባለው እስከ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው። ቆቃ 43 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ አንዷ «ትንሽ» ሰባት ቆቃ ልታክል ትችላለች። ከሱቅህ ጀርባ የምታቆማት ጄኔሬተር አይደለችም።

በሥራ ላይ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሩሲያ በስተሰሜን ጫፍ፣ ፔቬክ በምትባል ከተማ ወደብ ላይ አካዳሚክ ሎሞኖሶቭ የተባለች ተንሳፋፊ ጣቢያ አላት። 35፣ 35 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት ማብላያዎች ተሸክማለች። ከፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ ጀምሮ መብራት ትሰጣለች። ቻይና ሺዳኦ ቤይ ላይ ያለው ደግሞ በሂሊየም ጋዝ የሚቀዘቅዝ ነው። ነዳጁ የፑል ኳስ የሚያህሉ ድቡልቡሎች ውስጥ ነው ያለው። ሁለት ማብላያዎች አንድ ተርባይን ያዞራሉ፤ 210 ሜጋ ዋት።

አሁን ወደ ዋጋው። የማብላያ ሥራ ድሮም ትልቅ ሲሆን ነው የሚረክሰው። ትንሹ የሚረክሰው በብዛት፣ አንድ ዓይነት ሆኖ ከተመረተ ብቻ ነው። ያ ገና አልሆነም። አሜሪካ ውስጥ ኑስኬል የተባለው ኩባንያ በፈረንጆቹ 2023 መጀመሪያ ዲዛይኑን በአገሪቱ ተቆጣጣሪ አስጸደቀ። ዓመቱ ሳያልቅ አይዳሆ ላይ ሊተከል የነበረው ፕሮጀክት ተሰረዘ። የአንድ ሜጋ ዋት ሰዓት ዋጋ ከ58 ዶላር ወደ 89 ወጣ፤ በቂ ገዢ ጠፋ። እናቶቻችን የምጣድ ማሟሻ የሚሉት አለ አይደል? የመጀመሪያዋ እንጀራ መቼም አታምርም። እኛ ማሟሻ ባንሆን ደስ ይለኛል።

ይሁን እንጂ ትንሽነቱን አልንቀውም። ግብፅ ኤል ዳባ ላይ የምትተክላቸው እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋ ዋት ናቸው። እንደዚያ ያለ ማሽን ድንገት ሲወድቅ ሙሉውን መስመር ይዞት ሊወድቅ ይችላል። እኛ ሙያተኞች፣ አንድ ማሽን ከጠቅላላው ኃይል አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይመረጣል እንላለን። ለመካከለኛ አገር ትንሹ የሚያዋጣው በዚህ ነው።

ያንተ ችግር ግን የማመንጨት አይመስለኝም። ሕዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሐሙስ ዕለት ጎረቤት መብራት ነበረው? ከሦስቱ የመስመር ሽቦዎች (ፌዞች) የጠፋው አንዱ ነው ሦስቱም?

አምስት ኪሎ፦
ጋሼ፣ ለፒያሳው ልጅ ትንሽ ልጨምርለት። ማብላያ ቢጠፋም ሙቀቱ ወዲያው አይጠፋም። በቆመበት ቅጽበት ከሙሉ ጉልበቱ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ሙቀት ያወጣል፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። የጃፓኑ የፉኩሺማ ጣቢያ በፈረንጆቹ 2011 የተጎዳው በዚህ ነው። ማብላያዎቹ ቆመዋል፤ ማቀዝቀዣው ግን ኤሌክትሪክ አጣ። ከአዲሶቹ ትናንሾች ብዙዎቹ ያለ ፓምፕ እንዲቀዘቅዙ የታሰቡ ናቸው። የሞቀ ውኃ ወደ ላይ፣ የቀዘቀዘ ወደ ታች፣ በራሱ ይዞራል። ቼርኖቤል ሌላ ጉድ ነው፤ ዲዛይኑም ሌላ። ግን ጨረር ያለበት ቆሻሻው አለ። ማብላያው ስላነሰ እሱ አይቀርም።

ካርድ አታሚው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቡና ቤት መብራቱ ቦግ ብሎ ነበር። እኛ በኩል ሦስቱም ፌዝ ነው የጠፋው። ጠዋት ደግሞ ጥጉ ላይ ኤክስካቫተር ይቆፍር ነበር።

ጡረተኛው፦
በል እንግዲህ፣ ኬብል ነው። ለሱ ኑክሌር ምን ያደርግልሃል? ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ለኮምፒውተርህ ግዛ፤ ለማሽኑ ሞተር አይችልም። ኤክስካቫተር ካየህ ደግሞ ትልቅ ሥራ አትጀምር። ሴትዮዋ ካርዱን ወሰዱት?

ካርድ አታሚው፦
ወሰዱት ጋሼ። ወርቁን ለሙሽራው ወገን፣ ሽሮውን ለራሳቸው ዘመድ።