የደጋው ማገዶ በማን ይጠበቅ? አውጫጭኝ፣ ተከፋይ ጠባቂ ወይስ የመንደር ደንብ

አወያይ፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከጫጫ እስከ መንዝ ባለው አገር፣ ለክረምት የተከመረ ኩበትና የተፈለጠ የባሕር ዛፍ እንጨት በሌሊት እየተወሰደ ነው የሚል ሮሮ ይሰማል። አንዳንዶች አውጫጭኝ፣ ማለትም የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ሌባውን እስኪያወጣ የሚቆይበት የጥንት ልማድ፣ ይመለስ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ መንደሩ ገንዘብ አዋጥቶ ጠባቂ ይቅጠር ባይ ናቸው። ተከራካሪዎች ከማገዶው ጉዳይ እንዳትወጡ አደራ።

ከአንጎለላ፣ ገበሬ፦ እኔ አውጫጭኝ ይመለስ ከሚሉት ወገን ነኝ። በሬ ቢሰረቅ በቀለሙና በቀንዱ ይታወቃል፤ ኩበት ግን በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ገብቶ በአህያ ደብረ ብርሃን ገበያ ከደረሰ በኋላ የእኔ ነው ብሎ የሚምልበት ሰው አይገኝም። ለፖሊስ ብናመለክት ማስረጃ አምጡ እንባላለን፤ ማስረጃው ደግሞ ምድጃ ውስጥ ነዷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆት እንደ ክብደቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ነገር ግን ለአንድ ሸክም ኩበት ብሎ እርሻውን ጥሎ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ገበሬ አላየሁም። አባቶቻችን የአካባቢውን ሰው ሜዳ ላይ ሰብስበው፣ ያየም የሰማም እስኪናገር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ያደርጉ የነበረው ይህንኑ ክፍተት ለመድፈን ነው። የኩበት ሌባ ከሩቅ አይመጣም፤ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤትን ደግሞ ጎረቤት ያውቀዋል።

ከደብረ ብርሃን፣ የሕግ ባለሙያ፦ ወንድሜ ያነሱት የማስረጃ ችግር እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ከበሽታው የባሰ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ በፍርድ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠርና በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ ይደነግጋል። ሰውን በረኃብና በብርድ ሜዳ ላይ አግቶ ማናገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሕጉም በላይ የሚያሳስበኝ በዚያ ሜዳ ላይ ጣት አስቀድሞ የሚቀሰረው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። ከብት የሌላት ባልቴት ቤቷ ከጨሰ፣ ኩበቱን ከየት አመጣችው ተብላ መጠርጠሯ አይቀርም። (ብላቴናን መድኃኒት አጠጥቶ፣ እሱ ተንገዳግዶ የገባበትን ቤት የሌባ ቤት የሚያሰኘው ሌባ ሻይ ይመለስ ያለ እስካሁን አለመኖሩ ራሱ ደግ ነው።) አንድ ነገር ልጨምር፦ በክምሩ ዙሪያ ወጥመድ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ዘርግቶ ሰው የገደለ ባለንብረት፣ ሟቹ ሌባ ነበር በማለቱ ብቻ አይድንም። መከላከል ከጥቃቱ ጋር መመጣጠን አለበት፤ የአንድ ክምር ኩበት ዋጋ ደግሞ የሰው ነፍስ አይደለም።

ከመንዝ ጌራ፣ መምህር፦ የጋራ ጥበቃ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በመንዝ ያለው የጓሳ የሣር መሬት ቄሮ በሚባል የጥንት የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠበቅ ኖሯል፤ ሕዝቡ የመረጣቸው አባ ቄራዎች መሬቱን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩና፣ ቀኑ ደርሶ ሲከፈት ባለመብቱ ሁሉ ሳሩን ያጭዳል፣ ማገዶውንም ይለቅማል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ የርስት መሠረቱ ስለፈረሰ ሥርዓቱም አብሮ ላላ። ሥርዓቱን ከሚገባው በላይ ማሞገስ አልፈልግም፤ መብቱ የባለ ርስቱ እንጂ የሁሉም አልነበረም። ሆኖም ሰው ዝግ የሆነውን ያከብር የነበረው የሚከፈትበት ቀን እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ዱላ የያዘ ጠባቂ ብቻ ቀጥረን መክፈቻ ቀን ካላበጀን፣ የምናተርፈው የሌሊት ሩጫ ነው።

ከባሶና ወራና፣ የቤት እመቤት፦ ወንዶቹ ስለ ኩበት እንዲህ አምርረው ሲከራከሩ ማየት ደስ ይላል፤ እበቱን በእጃችን የምንጠፈጥፈው ግን እኛ ነን፤ ስለዚህ ጥቂት ልበል። ኩበት በበጋ ተጠፍጥፎ ይደርቃል፤ ከዚያም ዝናብ እንዳያገኘው በሥርዓት ተከምሮ ውጭው በእርጥብ እበት ይለቀለቃል። ስለቀልቅ ጣቶቼን ከላይ ወደ ታች እስባቸዋለሁ፤ መስመሩ ደርቆ ይቀራል። ሌባ ከክምሩ ጎን ነቅሎ ቀዳዳውን መልሶ ቢለቀልቀው እንኳ፣ አዲሱ እበት ለቀናት ይጠቁራል፣ የጣቱም መስመር ከእኔ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ምስክር የለም የሚሉትን ጋሼን አልቀበላቸውም፤ ማን እንደ ወሰደው ባይናገርም፣ መቼና ምን ያህል እንደ ተወሰደ ክምሩ ራሱ ይመሰክራል። በየሳምንቱ ዞሮ የሚያይ ሰው ካለ ሌብነቱ ሳይውል ሳያድር ይታወቃል።

ዋናው ነጥቤ ግን ሌላ ነው። በግጦሽ ሜዳ የወደቀ ኩበት የሚለቅም ልጅና ክምር የሚንድ ሌባ በአንድ ስም መጠራታቸውን እቃወማለሁ። ከባሕር ዛፍ ሥር ቅጠል ጠርጎ ለእንጀራ መጋገሪያ መውሰድ የድሀ ኑሮ ነው፤ ዛሬ ዛፉ ገንዘብ ስለሆነ በየቦታው ታጥሯል። ቀን የተከለከለ ሰው በሌሊት መምጣቱ አይቀርም፤ በሌሊት ከመጣ ደግሞ በቅጠል አይመለስም። መንደሩ በሳምንት አንድ ቀን ለቅጠል ይፍቀድ፤ ክምርን የነካ ግን የነካውን እጥፍ ይክፈል።

ከአንጎለላ፣ ገበሬ፦ እመቤቴ፣ ስለ ክምሩ ያሉትን ተቀብያለሁ። ቅጠል ልጥረግ ብሎ የገባው ሰው ነው ግን ከመንደር የማይታየው ዛፍ የትኛው እንደ ሆነ የሚያጠናው። አጠናውን ቆርጦ ጉቶውን በአፈርና በቅጠል ይሸፍነዋል፤ የምናውቀው ዝናብ ሲያጥበው ነው። መጥረቢያው የትም ስለሚያርፍበት ጉቶው ይሰነጠቅና ቀጣዩ ቡቃያ ይበላሻል።

ከባሶና ወራና፣ የቤት እመቤት፦ እንግዲያው በቅጠል ቀን መጥረጊያና ጆንያ እንጂ ስለት አይግባ፤ ጠባቂውም የቆመውን ዛፍ ሳይሆን ጉቶውን ይቁጠር።

ከአንኮበር፣ የግብርና ባለሙያ፦ በአጭሩ፣ ምርጥ የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ ማገዶን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። የተቀነሰው ኩበት ለማሳ ይተርፋል፣ ሌባውም የሚያገኘው ክምር ያንሳል።

አወያይ፦ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እስኪሠራ ድረስ ያለውን ክምር ማን ይጠብቅ? ክፍያውስ?

ከደብረ ብርሃን፣ የሕግ ባለሙያ፦ ደንቡ በጽሑፍ ይሁን፣ ሁሉም ይፈርምበት። በእጥፍ ክፍያው ላልተስማማ ሰው የፍርድ ቤት መንገድ ክፍት መሆኑም ይጻፍ። ጠባቂው የመያዝ እንጂ የመምታት ሥልጣን የለውም።

ከአንጎለላ፣ ገበሬ፦ ክፍያው በውድማ ላይ በገብስ ይሁን፤ በክረምት ብር የሚያወጣ ሰው የለም። ከብት የሌለው እንዲያዋጣ አልጠይቅም። ጠባቂው ከሌላ ጎጥ ይምጣ የምለውን ግን አልተውም፤ የአጎቱን ልጅ የሚያጋልጥ ጠባቂ ገና አልተወለደም።

ከባሶና ወራና፣ የቤት እመቤት፦ ከሌላ ጎጥ የመጣ ሰው የእኔን የጣት መስመር ከጎረቤቴ አይለይም፤ ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ከእኛ፣ አንዱ ከእናንተ።