ዝናብ የሚለካውን ሰው ማን ያመሰግነዋል?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ በወሎ ደጋ በልግ ሲቀር ጭንቅ ነው። ትንበያ ሲስት ሁላችንም እንጮኻለን፤ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ለመውሊድም ለገናም፣ የዝናብ መለኪያውን የሚያነበውን ሰው ግን ማን ያስታውሰዋል? ጎረቤቴ ይህ ሥራው ነው፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣል። ሰዎች ያሙታል፤ እኔ ግን አደንቀዋለሁ።

መልስ፦ ምስጋናው ቀርቶ አበሉ ይታሰብለት!

መልስ፦ ዝናብ ከሌለ ምን ይለካል?

ጠያቂ፦ ዜሮ ብሎ ይጽፋል፤ ድርቅ የሚታወቀው እኮ በእነዚያ ዜሮዎች ነው። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው።

መልስ (ወረኢሉ)፦ የእኛ አዛውንቶች ደመና አይተው ይናገራሉ። የ30 ዓመት አማካይ ግን ያለ መዝገብ ከየት ይመጣል? ወንድሜ፣ ጎረቤትህን ቡና ጥራልን።