ለደጋ አጋዘንና ለምኒልክ ድኩላ የሚበቃው ጥይት የትኛው ነው?

በአደን የቆየ ልምድ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሐዋሳ ነዋሪ ስሆን ፈቃድ ያላቸው አዳኞች ወደ አርሲና ባሌ ደጋዎች ሲወጡ በመንገድ መሪነት እሠራለሁ። በቅርቡ የሚመጣ እንግዳ ለደጋ አጋዘንም ለምኒልክ ድኩላም የሚሆን አንድ ጠመንጃ ብቻ ሊይዝ ስለሆነ ምክሬን ጠይቆኝ መወሰን አቅቶኛል።

እሱ የሚወደው በ1925 እ.ኤ.አ. የወጣውን .270 ዊንቸስተር የተባለውን የጥይት ዓይነት ነው፤ 130 ግሬይን (8.4 ግራም ገደማ) የሚመዝነው አረሩ ፈጣን፣ ምቱም ለትከሻ የማይከብድ በመሆኑ ለድኩላ እንደሚበቃ አልጠራጠርም። ወንዱ ደጋ አጋዘን ግን ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል፣ አጥንቱ የደነደነ እንስሳ ነው፤ ቆስሎ አስታ (የደጋ ቁጥቋጦ) ውስጥ ከገባና ጭጋግ ከወረደ ደሙን ተከትሎ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ እንስሳው በከንቱ እንዲሠቃይ ደግሞ ፈጽሞ አልፈልግም። ስለዚህ ልቤ ወደ .30-06 ስፕሪንግፊልድ ጥይትና ከበድ ወዳለው 180 ግሬይን አረር ያደላል።

እርሳስ ያለበት አረር ሲሰባበር ፍርፋሪው ሜዳ ላይ በሚጣለው ሆድ ዕቃ ውስጥ ቀርቶ ጥንብ አንሳዎችን ስለሚመርዝ፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራውን እመርጣለሁ። የ.270ው የመዳብ አረር የአጋዘኑን ትከሻ ሰብሮ ሳንባ ይደርሳል ወይስ እንግዳው .30-06 እንዲይዝ ልጠይቀው? የመዳብ አረርስ ቀጭኑን ድኩላ በቅርብ ሲመታ ጫፉ በደንብ ተከፍቶ ይሰፋል?