ክርክር፦ ሮንዶን የቆረጠው ሀይዌይ ይነሳ፣ ይሸፈን ወይስ ይቆይ?

ካርታ ወዳድ፦ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ያላችሁ፣ ሀይዌዩ፣ አይ-94፣ ከመሠራቱ በፊት የታተመውን የመንግሥት የመልክዓ ምድር ካርታ እዩት። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ዛሬ መኪና በሚያልፍበት መስመር ላይ ሮንዶ አቬኑ አለ። የከተማዋ ጥቁሮች ሰፈር እምብርት ነበር። በሀይዌዩ ምክንያት 600 ያህል ጥቁር ቤተሰቦች ቤታቸውን አጡ። መንገዱ በ1968 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። እኔ ይነሳ ባይ ነኝ።

ሾፌሩ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩ ያማል። ግን ይነሳ ስትል መኪናው የት ይሂድ? ዩኒቨርሲቲና ስኔሊንግ በሚባሉት ጎዳናዎች ላይ ነው የሚፈሰው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉት እዚያው ነው። በየቀኑ ሚኒያፖሊስ ለሥራ የሚመላለሰውንም አስብ።

የሚድዌይ ነዋሪ፦ እኔ ካርታውን አየሁት። ቤቶቹ የታሉ? ሰፈሩ በሙሉ ሮዝ ቀለም ተቀብቷል። ለብቻቸው የተሳሉት እንደ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ያሉት ብቻ ናቸው። የሰው ሳሎን፣ የፀጉር ቤቱ፣ ሱቁ አይታይም። በዚህ ተነስተን ስለ ሰፈሩ ባንፈርድ ይሻላል።

ካርታ ወዳድ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ኑሮውን አያሳይም። አሁን ግን ዓይንሽን ወደ ሰሜን አንሺ። ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ በላይ የባቡር ሐዲዱን ታያለሽ። ጆርጅ ሄሮልድ የሚባሉ የከተማዋ የፕላን መሐንዲስ ሀይዌዩ በዚያ በኩል፣ ሐዲዱን ተከትሎ ይሂድ ብለው ተከራክረዋል። ሰሚ አላገኙም። ስለዚህ «ሌላ መንገድ አልነበረም» የሚለኝን ሰው አልቀበልም። የሴንት ፖልንና የሚኒያፖሊስን መሐል ከተማ በአጭሩ ለማገናኘት ሲባል ሰፈሩ ተመርጦ ነው የፈረሰው።

ሾፌሩ፦ ይሄን አላውቅም ነበር። እንግዲያው ይሸፈን። ሀይዌዩ እዚያ ጋ ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ከላዩ መሬት መሥራት ይቻላል። መኪናውም አይቆምም። ይሄን ለማጥናት እኮ በ2021 እ.ኤ.አ. የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት 6.2 ሚሊዮን ዶላር መድቧል።

የሚድዌይ ነዋሪ፦ መሸፈኑስ ጥሩ። ከላዩ የሚሠራው ቤት ግን የማን ይሆናል? በ2015 እ.ኤ.አ. የያኔው የሴንት ፖል ከንቲባ ስለ ሮንዶ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ይቅርታ ኪራይ አይከፍልም። ውድ አፓርታማ ከተደረደረበት የሮንዶ ልጆችም እኛም ከአካባቢው እንወጣለን። ቅድሚያው ለተፈናቀሉት ቤተሰቦችና ለልጆቻቸው መሆኑ ግንባታው ሳይጀመር በሕግ ይጻፍ። ያለዚያ ድጋፌን አልሰጥም።

ካርታ ወዳድ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ይነሳ ማለቴን ግን አልተውኩም።