የልጄ አይኪው 67 ነው ተባልኩ፤ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ይህ ፈተና ይታመናል?

ጥያቄ፦ እናት ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ከሁለት ሦስት ቃል አያልፍም፤ ብዙ ጊዜ የሰማውን መልሶ ይደግማል። በቅርቡ የትምህርት ቤቱ ሳይኮሎጂስት ዊስክ-5 የሚባለውን የአይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ሰጠችው። አጠቃላይ ውጤቱ 67 ሆነ። ዝርዝሩ እንዲህ ይላል፦ የቃል ችሎታ 59፣ በዓይን አይቶ ቅርጽ መገጣጠም 97፣ ነገር ማገናዘብ 82፣ ያየውንና የሰማውን በአእምሮ መያዝ 67፣ ፍጥነት 56።

አሁን በአይኢፒ (ለልጁ ብቻ የሚወጣ የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ላይ «የአእምሮ እድገት ውስንነት» የሚል ሊጨምሩበት ነው። ክፍልም ሊቀይሩት አስበዋል። ይኸው ልጅ ግን የዋሽንግተንን የሜትሮ ካርታ በቃሉ ይሥላል፤ የትኛው መስመር ከየትኛው የት ጣቢያ ላይ እንደሚገናኝ አይሳሳትም። አባቱ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሲገጣጥም ሥዕሉን አይቶ ቀጣዩን ብሎን የሚያቀብለው እሱ ነው። እናትነቴ አድልቶብኝ ነው ወይስ ፈተናው ልጄን አልለካውም? ከስብሰባው በፊት ምን ላድርግ?

መልስ፦ የልዩ ፍላጎት መምህር፣ ቨርጂኒያ

እናታችን፣ በመጀመሪያ 67ን ይተዉትና ዝርዝሩን ይዩ። የዚህ ፈተና አማካይ 100 ነው። ከሦስት ልጆች ሁለቱ ገደማ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። የእርስዎ ልጅ ቅርጽ በመገጣጠም 97 አመጣ ማለት በዚያ ከእኩዮቹ ጋር እኩል ነው። በቃል ደግሞ 59። በሁለቱ መካከል የ38 ነጥብ ልዩነት አለ። ይህን ያህል የተራራቁ ውጤቶችን አንድ ላይ ጨፍልቆ «ችሎታው ይህ ነው» ማለት ትርጉም የለውም። የፈተናው አሠራር ራሱ በእንዲህ ያለ ጊዜ አጠቃላይ ቁጥሩ በጥንቃቄ እንዲነበብ ያዝዛል።

ዊስክ የሚሰጠው በንግግር ነው። በቃል ችሎታው ክፍል ፈታኟ ትጠይቃለች፣ ልጁ በቃል ይመልሳል። ቅርጽ መገጣጠሙ እንኳ መመሪያው በቃል ነው፤ በሰዓትም ይለካል። የሰማውን የሚደግም ልጅ የጥያቄውን መጨረሻ ቃል መልሶ ቢናገር ዜሮ ይመዘገብለታል። መልሱን ያውቅ እንደሆነና እንዳልሆነ ግን ያ ዜሮ አይነግረንም።

በዚህ ላይ የታወቀ ጥናት አለ። በ2007 ሚሼል ዳውሰን፣ ሎሮን ሞትሮንና ባልደረቦቻቸው ኦቲዝም ያለባቸውን 38 ልጆች በሁለት ዓይነት ፈተና አዩአቸው። (ዳውሰን ራሷ ኦቲዝም ያለባት ተመራማሪ ናት።) አንዱ ዌክስለር ነው፣ ማለትም የዛሬው ዊስክ የቀድሞ እትም። ሌላው ሬቨን ነው። ሬቨን ላይ ወሬ የለም። አንድ ቁራጭ የጎደለው ንድፍ ይቀርብና ልጁ ከታች ካሉት ቁርጥራጮች የሚገጥመውን በጣቱ ያሳያል። ልጆቹ በዌክስለር በአማካይ ከ100 እኩዮቻቸው 26ቱን ሲበልጡ፣ በሬቨን ግን 56ቱን በለጡ። ኦቲዝም የሌለባቸው ልጆች ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ልዩነቱ ለሁሉም ልጅ እኩል እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ ይበልጥ የሚጎላው በዌክስለር ዝቅ ብለው የተገኙት ላይ ነው። የእርስዎ ልጅ ከነዚህ ወገን ስለሆነ ያለ ንግግር የሚሰጥ ፈተና ሳያዩ እንዳይፈርሙ እለምንዎታለሁ።

መልስ፦ የሲያትሉ አባት

እህቴ አይዞሽ፣ እኛም በዚህ አልፈናል። ልጄን ላይተር-3 በሚባል ፈተና ድጋሚ አስፈተንኳት። ፈታኙ በእጅ ምልክትና በፊት ገጽታ ነው የሚያሳየው፤ ልጅቷም ካርድ ታንቀሳቅሳለች እንጂ አትናገርም። ውጤቷ በጣም ተለየ። የሚያስተምሯትም በሥዕልና በጽሑፍ ሆነ።

ገንዘብ እንዳያስጨንቅሽ። በአሜሪካ የልዩ ትምህርት ሕግ፣ አይዲኢኤ በሚባለው፣ በትምህርት ቤቱ ምዘና ካልተስማማሽ ከውጭ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲመዝነው መጠየቅ ትችያለሽ። ወጪውን የሚሸፍነው የትምህርት ዲስትሪክቱ ነው። እምቢ ካለ ደግሞ ምዘናው ትክክል እንደነበረ በሕግ ችሎት ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል የተባለ ነገር በኋላ «አላስታውስም» ይባላል።

መልስ፦ የንግግር ቴራፒስት፣ ዳላስ

እስካሁን በተባለው እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩን ቅርጫት ውስጥ አትጣይው። 59 እና 56 ልጅሽ በንግግርና በሰዓት በሚሠራ ክፍል ውስጥ ዛሬ ምን ያህል እንደሚቸገር በትክክል ይናገራሉ። በሬቨን 100 ቢያመጣ እንኳ መምህሯ በቃል ብቻ ብታስተምረው አይገባውም። ስለዚህ ዝቅተኛውን ውጤት ለእርዳታ መጠየቂያ ተጠቀሚበት፦ ተጨማሪ የንግግር ቴራፒ፣ በሥዕል የሚግባባበት ታብሌት፣ ተጨማሪ ሰዓት።

ሌላው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት በአይኪው ብቻ አይወሰንም። ልብስ መልበስ፣ መብላት፣ ከአደጋ ራስን መጠበቅ፣ ከሰው ጋር መግባባት የሚለካበት ምዘናም ያስፈልጋል። ቫይንላንድ የሚባለው አንዱ ነው፤ የሚጠየቀውም ወላጅ ነው። ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቂ። ከተሠራ በአማርኛ አስተርጓሚ ነበር ወይ? ብዙ እናቶቻችን ልጁን ራሳቸው ስለሚያለብሱት ብቻ «አይችልም» ብለው ይመልሳሉ። «ሞክሮ አያውቅም» እና «አይችልም» በወረቀቱ ላይ አንድ ሆነው ይቀራሉ።

መልስ፦ እናት ከአዲስ አበባ

እናንተ የምትከራከሩበት ፈተና መኖሩ ራሱ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ ማዕከልን ከመክፈቷ በፊት የኦቲዝም ማዕከል የሚባል ነገር አልነበረም። የእኔን ልጅ ከውጭ የመጣ ባለሙያ በእንግሊዝኛ ፈተና፣ እኔ እያስተረጎምኩ ፈትኖት 50 ብሎ ጻፈልኝ። እሱንስ ልመነው?

መልስ፦ የልዩ ፍላጎት መምህር፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ያንን 50 አይያዙት። ቁጥሩ የሚወጣው ልጁ በዕድሜ ከሚመስሉት የአሜሪካ ልጆች ጋር ተወዳድሮ ነው። ትርጉም ሲገባበት የጥያቄው ክብደት ይቀየራል፤ ሕፃን ለሚያውቀው ነገር የሚሰጠው ቃልም እንደ አገሩ ነው። ባለሙያው ልጁ ምን ሲሠራ እንዳየ በዝርዝር ከጻፈ ግን ያንን ይያዙት፤ ለሚያስተምሩት ሰዎች ይጠቅማል።

አስተያየት፦ እናት ከሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቫይንላንድ አልተሠራም፣ አሁን ነው የሰማሁት። ልጄ የተፈተነው ከምሳ በኋላ፣ በማያውቀው ክፍል፣ ከማያውቃት ሰው ጋር ነበር። ስብሰባው ላይ «ፈርሚ» ቢሉኝስ?

መልስ፦ የሲያትሉ አባት

እዚያው አትፈርሚ፤ ቤት ወስጄ ላንብበው በይ። አማርኛ አስተርጓሚም አስቀድመሽ ጠይቂ፣ መብትሽ ነው። የሜሪላንድን ሕግ ግን እዚያ ያሉ ይንገሩሽ።

መልስ፦ ወላጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እዚሁ ነኝ፣ ልንገርሽ። በሜሪላንድ ሕግ በስብሰባው የሚነሡትን ሰነዶች ቢያንስ 5 የሥራ ቀን ቀድመው ሊሰጡሽ ይገባል። ልጅሽን ዲፕሎማ ወደማያሰጥ ፕሮግራም ወይም ወደ አማራጭ ፈተና (በመደበኛው የክልል ፈተና ምትክ የሚሰጥ) ለማዛወር የጽሑፍ ፈቃድሽ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ ዝም ካልሽ፣ ከስብሰባው 15 የሥራ ቀን በኋላ ሊያዛውሩት ይችላሉ። ስለዚህ «አልፈቅድም» ብለሽ ጽፈሽ ላኪ፣ ቀን ጻፊበት፣ ቅጂውን አስቀሪ። በሌላ ደብዳቤ ደግሞ ይህን ጻፊ፦ «በምዘናው አልስማማም፤ በዲስትሪክቱ ወጪ ገለልተኛ ምዘና እንዲደረግ እጠይቃለሁ፤ ልጄ ብዙ ስለማይናገር ያለ ንግግር በሚሰጥ ፈተና ይመዘን፤ የዕለት ተዕለት ኑሮ ምዘናም በአማርኛ አስተርጓሚ ይሠራ።» አዲሱ ፈተና ሲቀጠር ጠዋት ይሁን በይ፣ ክፍሉንም ከፈተናው ቀን በፊት አሳዪው።